ቅዳሜ ይቀባል

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ይህን ደብተር የጀመርሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ በልጄ በስምረት ሞተርሆም ጣሪያ ላይ የሚሠራውን ሥራ ከነቀኑ ለመመዝገብ። ለጣሪያው የተገዛው ቀለም ቆርቆሮ ላይ የሥራ መዝገብ እንዲያዝ የሚመክር ጽሑፍ አለ። ልጄ «አባዬ፣ ስልክህ ላይ ኖት አድርገው» አለችኝ። ስልክ ላይ አልጽፍም። ስልኩ ያላሰብሁትን ቃል ይጽፍልኛል።

ለራሴ የምጽፈው ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ቢያጥርም ግድ የለም። ባለቤቱ ቢጎድልም እንዲሁ። ማን ምን እንዳደረገ የሚያውቀው ብቸኛ አንባቢ እኔው ነኝና። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዋስው ላስተማረ ሰው ትንሽ ነውር ነው… ይሁን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ስምረት ነርስ ናት። እዚሁ ኮሎራዶ፣ አላሞሳ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የአሥራ ሦስት ሳምንት ሥራ አግኝታለች። እዚያ የሚከራይ ቤት አጣች። ስለዚህ ከሥራ ባልደረባዋ የገዛችው አሮጌ ሞተርሆም፣ አልጋ በተገጠመለት መኪና ውስጥ ልትኖር ነው። ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ያለው አፓርታማዋ ውሉ ሰኔ 23 ያልቃል። እሑድ ሰኔ 22 መንገድ መጀመር አለባት። የእኔ ቤት የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ እንግዳ ከጥቂት ቀን በላይ አይፈቀድም። እንግዲህ ጣሪያው ካፈሰሰ ልጄ ማደሪያ የላትም።

መኪናው የቆመው ወዳጄ ሙኒብ ግቢ ነው። ሙኒብ ጡረታ እስኪወጣ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነድቷል። ከዚያ በፊት ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ጎማ ከሚያነጥፉ ሠራተኞች ጋር አራት ዓመት ሠርቷል። የመኪናው ጣሪያም የጎማ ንጣፍ ነውና ሥራውን ያውቃል። እርሱ ይወጣል፤ እኔ ከታች ሆኜ መመሪያውን አነብባለሁ። ጉልበቴ መሰላል አይወድም።

ዛሬ ወጣና መዳፉን ጣሪያው ላይ አሽቶ አሳየኝ። ነጭ ዱቄት።

«ጎማው እያለቀ ነው ጋሼ።»

«የትኛው ጎማ?»

«የላዩ ነዋ! የታቹማ ደኅና ነው።»

ባለቤቱ ማህፉዛ በኩሽናው መስኮት ብቅ ብላ ሳቀች። «ከላይም ከታችም ጎማ! ቢገለበጥም ይሄዳል በሉኛ።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ሥራ የለም። ነገ ዓረፋ ነው። ማህፉዛ ቅዳሜ ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ አስጠንቅቃኛለች። ለእኔ ዓሣ፣ በሌላ ድስት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺ ድስት ከሥጋ ጋር ተገናኝታ አታውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ጣሪያው ተመረመረ። ሙኒብ ክብደቱ በአንድ ቦታ እንዳያርፍ ጣውላ አንጥፎ በጉልበቱ ሄደ። እኔ ጥላ ሥር በወንበር። የቆርቆሮውን እንግሊዝኛ እየተረጎምሁ አነበብሁለት።

«ገጹ ንጹሕ፣ ደረቅና ከቅባት የጸዳ መሆኑ ይረጋገጥ።»

«ማን ያረጋግጥ?»

«አንተ ነህ እንጂ።»

«ታዲያ አረጋግጥ አይልም?»

«በተደራጊ ግሥ ሲታዘዝ ጨዋነት አለው።»

«የኔታ፣ ማን እንደሆነ ካልተባለ እኮ ማንም አይሠራውም።» ቀልድ ሲያምረው የኔታ ይለኛል።

«አንተ ብቻ ነህ ላይ ያለኸው! ማንን ልጠራ?»

«እሱስ ልክ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የተገኘው ጉድለት፦ በስተኋላ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅዳጅ። በአየር ማስወጫው ዙሪያ ያለው አሮጌ ማሸጊያ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህ የባሰው ነው፤ ልክ ከስምረት አልጋ በላይ ነው። ጠርዞቹ ግን ይዘዋል። ሙኒብ እንዳለው ቅዳጁ ይለጠፋል፣ ዙሪያው ይታሸጋል፣ ከዚያ መላው ጣሪያ ሁለት እጅ ቀለም ይቀባል። ይህ አገር ከፍታ ላይ ሆኖ ለፀሐይ ስለሚቀርብ አንድ እጅ አይበቃውም አለ።

ዓሣው ደኅና ነበር። ጨው በዝቶበታል። አልተናገርሁም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ታጠበ። ሁለት ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ። ውሃው ወተት መስሎ በጎን ወረደ።

የሐዋርያት ጾም ገባ። ማህፉዛ ሳልነግራት ምስር ሠርታ ጠበቀችኝ። ከእኔ ይልቅ እርሷ ጾሞቼን ትቆጥራለች።

ሙኒብ የቀረውን በካርቶን ላይ ጽፎ በመኪናው በር ላይ ሰቅሏል። «የቀረ ስራ። መላጥ። መለጠፍ። ማሸግ። መቀባት።» ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ፊደሎቹ ትላልቅና ቀጥ ያሉ። ግን «ስራ»። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣሁና «ሥራ» አደረግሁት።

ሙኒብ ቆሞ አየኝ። «ያኛው ስ አይሠራም ነበር?»

«ይሠራል። ግን ስሕተት ሆኖ ይሠራል።»

ማህፉዛ «ተወው አቦ፣ መቃብሩ ላይ የሚጻፈውንም ተነሥቶ ያርማል» አለች። እኔ ሳቅሁ። ሙኒብ አልሳቀም። መጥረጊያውን ይዞ ወጣ።

ማንበብ የተማረው በሃያ ዓመቱ ነው፤ መርካቶ ጭነት ሲያወርድ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ። አንድ ቀን ራሱ አጫውቶኛል። ማረሜ ከፍቶት ይሆን?… ስሕተት ስሕተት ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አሮጌው ማሸጊያ ተላጠ። በፕላስቲክ ቢላዋ ብቻ፤ ብረት ጎማውን ይቀድዳል። ቅዳጁም ተለጠፈ። የአየር ማስወጫው ሥር ያለው እንጨት እርጥብ ሆኖ ተገኘ። እስኪደርቅ ድረስ ክፍት መቆየት አለበት። ጠዋት ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ሲመጣ ሸራ ይለብሳል።

ሙኒብ እንዳለው የቀለሙ ቀን ማለዳ መጀመሪያ ዙሪያውን ማሸግ፣ ከዚያ የቀለም ሮለሩን ማንሣት ነው። «አንድ ሰው ይበቃዋል» አለ። «ያ ቴዲ ጊዜ ቢኖረው በግማሽ ቀን ነበር የሚጨርሰው።»

ቴዲ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። ኑሮው የቤት ቀለም መቀባት ነው። ረጅም መሰላልና ባለ ዘንግ ሮለር አለው። ደወልሁለት። መሰላሉን ዓርብ ያመጣል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ሙኒብን አጣሁት። ማህፉዛን ዓይኗን ሊያስመረምር ወስዷታል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ለአንድ ሟች ወዳጄ ሙት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ጋር ኮሎራዶ ስፕሪንግስ እሄዳለሁ። ስለዚህ ወረቀት ጽፌ የመኪናው በር ላይ በቴፕ ለጠፍሁ። ለመዝገብ ያህል ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«ሙኒብ፣ ዓርብ ማታ ሸራው ይነሣ፤ ዝናብ እስከ እሑድ የለም ተብሏል። ቴዲ ዓርብ መሰላሉንና ሮለሩን ያመጣል። ቅዳሜ ማለዳ ይቀባል። እኔ ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ። ለገሠ»

አጭር፣ ንጹሕ፣ አንድም ትርፍ ቃል የሌለበት።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ቴዲ «አደረስኩት አባባ» ብሎ ደወለ። ስምረት ከሥራ ስትወጣ በዚያ አልፋ ሸራው መነሣቱን አይታለች። ሁሉም በቦታው ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ስንመለስ በስተሰሜን ያለው ሰማይ ጠቁሮ ነበር። ካስል ሮክ ላይ በረዶው የመኪናውን መስታወት ይደበድበው ጀመር። እኔ ምንም አልደነገጥሁ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሰው «የልጄ ጣሪያ ዛሬ ጠዋት ታሽጎ ተቀብቷል» ብዬ በኩራት አጫወትኋቸው።

አልታሸገም። አልተቀባም። መሰላሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ሮለሩ ከነላስቲኩ ነው። የቀለሙ ቆርቆሮ አልተከፈተም። ውሃው በአየር ማስወጫው ዙሪያ ገብቶ ከአልጋው በላይ ያለው ጣውላ እንደ ከረጢት አብጧል። ፍራሹ ሲጫኑት ውሃ ይተፋል።

ሙኒብ ቤት የለም። ማንም የለም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድሁ። ስምረት ቀድማኝ ደርሳ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ሙኒብና ማህፉዛ ግቢው ውስጥ ቆመዋል።

የተባለውን እጽፈዋለሁ። መዝገብ ነውና።

«የት ነበርህ?» አልሁት።

«የማህፉዛ እህት ጋ። ቴዲ ሲመጣ አላስቸግረው ብዬ በሩን ከፍቼለት ሄድኩ።»

«ቴዲ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«ሊቀባ ነዋ! ቅዳሜ ይቀባል አላሉም እንዴ?»

«የት አልሁ?»

ወረቀቱን ከበሩ ላይ ነቅሎ፣ በክንዱ ርዝመት አርቆ ይዞ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። «ቴዲ ዓርብ መሰላሉንና ሮለሩን ያመጣል። ቅዳሜ ማለዳ ይቀባል።» ላልቶ አነበበው፤ ቀቢው ቴዲ እንዲሆን አድርጎ። እኔ ጠብቆ እንዲነበብ ነበር የጻፍሁት፤ ጣሪያው በሙኒብ እጅ እንዲቀባ።

ቴዲ ራሱ በስልክ «አባባ፣ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ» ብሎኛል። ጥፋቱ በማን እንደሆነ ግልጽ ነበር… ወይም መሰለኝ።

«ማንበብ የማትችል ከሆነ ለምን ሰው አታስነብብም?» አልሁት።

ማህፉዛ «ኧረ ጋሽ ለገሠ!» አለች። ስምረት «አባዬ!» አለች።

ሙኒብ ወረቀቱን አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ያስተማረችኝ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እጄ በሲሚንቶ የደረቀ፣ እርሳስ የሚሰብር… አንድ ቀን እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

ቤቱ ገባ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ቢያላጋው ይሻል ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ስልክ አላነሣም። ስሕተቱን የሠራ ሰው አኩራፊ ሲሆን ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

አላነሣም። ከእንግዲህ አልደውልም።

ከሰዓት በኋላ ደወልሁ። አላነሣም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ስምረት በእረፍቷ ሰዓት መጣች። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከሕንፃዬ ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ፊቷ ገርጥቷል።

«አባዬ፣ እስከ ሰኞ ካልደረቀ ኮንትራክቱን ካንስል አደርጋለሁ። አፓርታማውን ደግሞ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ሰኔ 23 የት እንደምገባ አላውቅም።»

ሙኒብ አጥፍቶ እርሷ እንደምትቀጣ ነገርኋት። ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ሙኒብ ዓርብ ዕለት ወረቀቱን ፒክቸር አንሥቶ ልኮልኝ ነበር። ቴዲ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ። እኔም አነበብኩት። ቴዲ የሚቀባው መስሎኝ ነበር አባዬ።»

«አንቺ አማርኛሽ…»

«ኖ፣ ቆይ። ጋሽ ሙኒብ ይቀባል ልትል ከሆነ ለምን ስሙን አልጻፍክም?»

አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። እርሷም ሄደች።

ወደ ክፍሌ ገብቼ ይህን ደብተር ገለጥሁ። የሰኔ 5ን ጽሑፍ እንደ ተማሪ ወረቀት፣ በሌላ ሰው ዓይን አነበብሁት። «ቴዲ ዓርብ መሰላሉንና ሮለሩን ያመጣል። ቅዳሜ ማለዳ ይቀባል።» አንድ ጊዜ ላልቶ። አንድ ጊዜ ጠብቆ።

ሁለቱም ይሄዳሉ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ቁርስ አልበላሁም። ጾም ስለሆነ አይደለም።

በየዓመቱ በኅዳር ወር ስለ መጥበቅና መላላት አስተምር ነበር። ሰሌዳው ላይ «ገና» እጽፋለሁ። አንዱ ላልቶ ያነብበዋል፣ አንዱ ጠብቆ፤ ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ ሕጉን አጽፋቸዋለሁ፦ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳል፤ በግሥ ላይ የተለየ ባለቤት ካልተጠቀሰ ቀደም ሲል የተጠቀሰው ባለቤት ይቀጥላል።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው ባለቤት ማን ነበር? ቴዲ።

እንግዲህ በእኔው ሕግ መሠረት ሙኒብ በትክክል አንብቧል። ስምረትም በትክክል አንብባለች። ያልተነበበው የእኔ ሐሳብ ነው፤ እርሱማ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የጻፍሁት ለሙኒብ ሆኖ ሳለ፣ እንደዚህ ደብተር ለራሴ እንደምጽፍ አድርጌ ነው የጻፍሁት። ሙኒብ እንደሚቀባ ለእኔ ግልጽ ስለነበረ ለእርሱም ግልጽ መሰለኝ። «ማን እንደሆነ ካልተባለ ማንም አይሠራውም» ያለኝ ግንቦት 30 ነው። እዚሁ ደብተር ላይ አለ። ቀልድ ብዬ ነው የመዘገብሁት።

ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አልነበረውም። ስለዚህ ቅዳሜም ባለቤት አልነበረውም።

አንድ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ ስንት እሰጠው ነበር?… ከአሥር ሦስት። ለእጅ ጽሑፉ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ቴዲ «የጎደለውን ልሙላ አባባ» ብሎ ከማለዳው መጣ። የሌለበትን ጥፋት ሊክስ። ከስምረት ጋር ሦስታችን ሆነን ወደ ሙኒብ ግቢ ገባን።

ቴዲ ወጥቶ ከላይ ተጣራ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ታሽጓል!»

በአየር ማስወጫው ዙሪያ አዲስ ማሸጊያ ፈስሷል። ደርቋል። አንድ ቦታ እንኳ አልሳሳም። ስምረት ወደ ውስጥ ገብታ ጮኸች። ከአልጋዋ በላይ የነበረው ያበጠ ጣውላ የለም። አዲስ ጣውላ ገብቷል፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ብሎኖቹ በእኩል ርቀት። ማራገቢያ ወለሉ ላይ ይዞራል። ሽታው እንኳ ሄዷል።

ማህፉዛን ማን እንደሠራው ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ? ጅን ይሆናል።»

«ሙኒብስ?»

«ቤት ነው። ራሴን አሞኛል ይላል። የታመመው ራሱ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቺን ወረቀት በየቀኑ አውጥቶ ያነባታል ጋሽ ለገሠ። እያጠበቀ ያነባታል፣ እያላላ ያነባታል። እውነት አልችል ይሆን እንዴ አለኝ ትናንት።»

ይህን ስሰማ የምይዘው ነገር አጣሁ። የመሰላሉን እግር ያዝሁ።

ቴዲ የመጀመሪያውን እጅ ቀብቶ እስከ አራት ሰዓት ጨረሰ። ነጭ፣ እርጥብ፣ ዓይን የሚወጋ። ከሰዓት በኋላ ደመናው መጣና አልፎ ሄደ። ጣሪያው በግማሽ ድኗል፤ ሁለተኛው እጅ የሚቀባው ይህ በደንብ ሲደርቅ ነው። ቴዲ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የወንድሙ ምረቃ አለበት፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ የጀመረው የሰው ቤት አለ። ሁለተኛውን እጅ የሚቀባ የለም።

ስምረት «ሰኞ ካንስል አላደርግም። ግን አባዬ፣ በአንድ እጅ መሄድ እፈራለሁ» አለች።

በሩን አንኳኳሁ። ሙኒብ ራሱ ከፈተ። አየኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ቀለሙን ይጨርሱ ጋሼ፣ ደመና ሳይመጣ» አለና ተመለሰ። የዕለቱ ቅብ እኮ አልቆ ነበር፤ ደመናውም አልፎ ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ከቅዳሴ በኋላ አሰብሁበት። በስልክ ብል አያነሣም። በር ላይ ብል ይዘጋል። ሽማግሌ ብልክ ነገሩን ያገዝፈዋል።

ደግሞም ስድቡ ስለ ማንበብ ነበር። ይቅርታው የሚነበብ መሆን አለበት።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ስምረት ለሆስፒታሉ እንደምትመጣ አረጋግጣለች። ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍሁት። የመጨረሻውን ዛሬ በዚያው በር ላይ በዚያው ቴፕ ለጥፌ መጣሁ። ግልባጩ ይህ ነው፦

«ለተከበሩ አቶ ሙኒብ

እኔ ለገሠ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ እሑድ ሰኔ 8 ቀን በባለቤትዎና በልጄ ፊት ማንበብ እንደማይችሉ አድርጌ ስለ ተናገርሁዎ ነው። የተናገርሁት ውሸት ነበር። እርስዎ ወረቀቱን በትክክል አንብበዋል። ወረቀቱን በትክክል ያልጻፍሁት እኔ ነኝ። «ይቀባል» የሚለው ቃል ላልቶም ጠብቆም ይነበባል። ከፊቱ የቴዲ ስም ስላለ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርሁት ሕግ ላልቶ መነበብ እንዳለበት ይፈርዳል። እርስዎ ያነበቡት እንደዚያ ነው። ከእንግዲህ ያቺን ወረቀት አውጥተው ራስዎን አይፈትኑባት። ፈተናውን የወደቀው ሌላ ሰው ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት በዕድሜ ስለምበልጥዎ አንተ እያልሁ ኖሬአለሁ። ዛሬ እርስዎ የምለው ለመራቅ አይደለም። ዝቅ አድርጌ የተናገርሁትን ሰው ወደ ቦታው የምመልስበት ሌላ ሰዋስው ስላጣሁ ነው። ወደ አንተ የምመለሰው እርስዎ ሲፈቅዱልኝ ብቻ ነው።

የአየር ማስወጫውን ያሸጉት፣ ከስምረት አልጋ በላይ ያለውንም ጣውላ የቀየሩት እርስዎ ነዎት። ወይዘሮ ማህፉዛ ጅን ነው ብለውኛል። ጅን እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። ካርቶኑ ላይ የጻፉትንም «ስራ» ማረም አልነበረብኝም። ሥራውን የሚሠራው ሰው የጻፈው ነበር።

አሁን ስለ ጣሪያው። ሁለተኛው እጅ ሳይቀባ ስምረት እሑድ መሄድ ትፈራለች። ቴዲ አይመጣም። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ ግሥ ባለቤት ሰጥቼ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ሰኔ 21 ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ለገሠ ግቢዎ እደርሳለሁ። እኔ ቆርቆሮውን እከፍታለሁ፣ እኔ አማስላለሁ፣ እኔ አቀብላለሁ። እርስዎ ከላይ ሆነው ይቀባሉ። «ይቀባሉ» እባክዎ ላልቶ ይነበብ፤ ጠብቆ ከተነበበ የሚቀባው ጣሪያው መሆኑ ቀርቶ እርስዎ ይሆናሉ። እርስዎ ካልፈቀዱ እኔ በዚህ ጉልበቴ መሰላሉን እወጣለሁ። ይህን የጻፍሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ ቅዳሜ ዳግመኛ ባለቤት እንዳታጣ ነው።

ከዚህ ወረቀት ጋር ቀዩን እስክሪብቶዬን ለጥፌልዎታለሁ። ስሕተት ካገኙብኝ ያርሙበት። መልስዎን በፈለጉት ስ ጽፈው እስከ ሐሙስ ሰኔ 19 ማታ ድረስ በዚሁ በር ላይ እንዲለጥፉልኝ በትሕትና እለምንዎታለሁ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ እኔ አነብበዋለሁ።»